«ብረት» በደም፣ በጤፍና በአምቦ ውሃ፤ በሕያዋን ውስጥ ስላሉ ብረታ ብረት ስያሜ የቀረበ ሂስ

1. መነሻ

ሙያዊ ቃል የሚመዘነው በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ በሚሰጠው ፍች ብቻ አይደለም። ቃሉ ከገጹ ወጥቶ ከተጠቃሚው ጆሮ ሲደርስ የሚፈጥረው ግንዛቤም የሚዛኑ አንዱ ወገን ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው በሕያዋን ነገሮች፣ በተለይም በፕሮቲኖች ውስጥ፣ ስላሉት ብረታ ብረት የምንናገርባቸውን የአማርኛ ስያሜዎች ነው። መመርመሪያ ስፍራ አድርገን የያዝነው ምዕራብ ሸዋን፣ ማለትም አምቦንና በዙሪያዋ ያሉትን ከተሞች ነው። ምክንያታችንም ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከጊንጪ እስከ ባኮ በሚዘልቀው በዚያ መንገድ ላይ ስያሜዎቹ የቆሙላቸው ነገሮች ሁሉ ይገኛሉ፤ የጤፍ ማሳው፣ የማዕድን ምንጩ፣ ኖራ የሚሻው አፈር፣ የነፍሰ ጡሮች መከታተያ ክፍሉ። ሁለተኛ፣ በአካባቢው የአማርኛውን ሙያዊ ቃል ከሚሰሙት ብዙዎቹ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ኦሮምኛ ስለሆነ፣ የቃሉ ጉድለት እዚያ ፈጥኖ ይጋለጣል።

ወደ ጉዳዩ የመራን አንድ ቀላል አጋጣሚ ነው። በአካባቢው ካሉት ከተሞች በአንዲቱ፣ በአንድ የጤና ተቋም ወረፋ ላይ ሳለን፣ አንዲት ነፍሰ ጡር «ብረት አንሶሻል፤ ይህን የብረት ክኒን በየቀኑ ውሰጂ» ስትባል ሰማን። ሴትዮዋ ክኒኑን ተቀብላ ከወጣች በኋላ አጠገቧ ወደተቀመጡት አሮጊት ዘወር ብላ በኦሮምኛ «ሲቢላ ነው እንዴ?» ስትል ጠየቀች። «ሲቢላ» ማረሻውም፣ ቢላዋውም፣ መዶሻውም የሚሠራበት ነገር ነው። አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህን ክኒን የሚወስድ ሰው ሰገራው መጥቆሩ የታወቀ ነው፤ አንዳንዱንም ያቅለሸልሸዋል። ብረት መዋጧን የጠረጠረች ሴት ይህን ስታይ ጥርጣሬዋ እውነት ይመስላታል፤ ክኒኑንም ታቆማለች። የባለሙያው ምክር ትክክል ነው፤ ክኒኑም የሚያስፈልጋት ነው። በመካከል ያደናቀፈው ስያሜው ነው። ስለዚህ የምናነሣው ጥያቄ የቃላት ጌጥ ጥያቄ አይደለም።

2. የአንድ ቃል ሦስት ሸክም

«ብረት» በአማርኛ ቢያንስ ሦስት ነገሮችን ይሸከማል። መጀመሪያ አንድን የታወቀ ንጥረ ነገር ይሰይማል፤ ማረሻ የሚሆነውን፣ የሚዝገውን። ሁለተኛ፣ ጠንካራና የሚያብለጨልጭ የሆነውን ሁሉ በጅምላ ይሰይማል፤ ዛሬ በየቤቱ «ብረት ድስት» የምንለው ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ከአሉሚንየም የተሠራ መሆኑን ልብ ይሏል። ሦስተኛ፣ መሣሪያን ይሰይማል፤ «ብረት ያነሣ» ሲባል ማንም ስለ ኬሚስትሪ አያስብም።

የቃሉ ታሪክ ራሱ የሚያስተምረው ነገር አለ። በግዕዝ የዚህ ንጥረ ነገር ስም «ኀፂን» ነው፤ ትግርኛም «ሓጺን» ብሎ ጠብቆታል። ከአማርኛው «ብረት» ጋር የሚዛመደው የግዕዙ «ብርት» ግን መዳብን ወይም ነሐስን የሚያመለክት ነበር። እንግዲህ ቃሉ በአማርኛ ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻግሯል ማለት ነው። ይህን የምናነሣው ቃሉን ወደ ጥንቱ ፍች ለመመለስ አይደለም፤ እንዲህ ያለው ሙከራ ከንቱ ነው። የምናነሣው የብረታ ብረት ስሞች ከነገሮቹ ጋር ተጣብቀው እንደማይኖሩ፣ ተናጋሪው እንደየዘመኑ ሥራ እንደሚያዛውራቸው ለማሳየት ነው። «እርሳስ» የሚለው ስም አንድን ብረት እየሰየመ፣ ያ ብረት ፈጽሞ ለሌለበት የተማሪ መጻፊያ ማገልገሉም ለዚህ ምስክር ነው።

የትምህርት መጻሕፍት ይህን ድርብርብ ፍች ለመለየት «ብረት አስተኔ» እና «ኢ-ብረት አስተኔ» የሚሉትን ስያሜዎች ይዘዋል። «አስተኔ» ወገንን፣ ቤተሰብን ያመለክታል፤ «ድመት አስተኔ» እንደምንለው ነው። ስያሜው አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ነጠላውን ብረት ከወገኑ ይለያል። ጉድለቱም እዚያው ነው፤ ወገኑን ሁሉ በአንዱ አባል ስም ይጠራል። መዳብና ዚንክ የብረት ዘመዶች ናቸው ሲባል ተማሪ በቀላሉ ይቀበላል። ሶዲየምና ፖታሲየም ግን በቢላዋ የሚቆረጡ፣ ውሃ ሲነካቸው የሚቆጡ ለስላሳ ነገሮች ናቸው። በሰውነታችን ፈሳሽ ውስጥ ሟሙተው የነርቭን መልእክት የሚያስተላልፉትም እነሱ ናቸው። «ብረት አስተኔ» የሚለው ቃል እነዚህን ሲሰይም በተማሪው አእምሮ የሚሳለው ሥዕልና ነገሩ ይራራቃሉ። ይህም ሆኖ ስያሜውን መጣል አይገባም እንላለን። ከርሱ የተሻለ፣ የተለመደና ያልተሸከመ ቃል በእጃችን የለም፤ የሚያስፈልገው ጉድለቱን አውቆ ማስተማር ነው።

3. የአምቦ ውሃ ምስክርነት

አምቦ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን «ሀገረ ሕይወት» ትባል ነበር። ከዚያው የሚገኘው ውሃ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ የሚሸጥ ሲሆን፣ በመላ አገሪቱ «የማዕድን ውሃ» የሚለው ስያሜ በሰፊው የታወቀው በዚሁ ምርት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ይሁን እንጂ «ማዕድን» በሕዝብ ዘንድ ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ ወርቅ፣ ከሰል ወይም የከበረ ድንጋይ ነው። በውሃ ውስጥ ያለው ማዕድን የትኛው ነው ተብሎ ቢጠየቅ መልስ የሚሰጥ ጥቂት ነው።

መልሱ ከርእሳችን ጋር በቀጥታ ይገናኛል። በአምቦ ውሃ ውስጥ ሟሙተው ከሚገኙት ዋና ዋናዎቹ ሶዲየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ፖታሲየም ናቸው፤ አራቱም ብረት አስተኔዎች ናቸው። ውሃው ብረት ብረት አይልም፣ አያብለጨልጭም፣ አይከብድም። ብረት አስተኔ በጠጣርነቱ የሚታወቅበት ጠባይ ሁሉ በሟሟበት ጊዜ ይጠፋል። ምክንያቱም አቶሞቹ ኤሌክትሮን ሰጥተው አዮን፣ ማለትም ሙል የያዙ ቅንጣቶች፣ ሆነዋል። በሕያዋን ውስጥ ያሉት ብረት አስተኔዎችም በአብዛኛው በዚህ ሁኔታ ወይም በፕሮቲን ተይዘው የሚገኙ ናቸው እንጂ እንደ ምስማር ብትን አይደሉም። ይህ ሐቅ በስያሜያችን ውስጥ የሚታይበት ቦታ የለም፤ ዋናው ሂሳችንም ይኸው ነው።

በአንጻሩ ኦሮምኛ ከብት ማዕድን ያለውን ውሃ የሚጠጣበትን ምንጭ «ሆራ» ብሎ ለይቶ ይጠራል። ቃሉ ከተራው ውሃ የሚለየው በሚሰጠው ጥቅም ነው፤ ማዕድኑን ከቁፋሮ ጋር ሳይሆን ከሕይወት ጋር ያያይዘዋል። ሥነ ሕይወት ያረጋገጠውም ከዚህ የራቀ አይደለም። ለምሳሌ በሚያመነዥኩ እንስሳት ሆድ ውስጥ የሚኖሩ ደቂቅ ዘአካላት፣ ኮባልት የተባለውን ብረት አስተኔ ካገኙ፣ ቫይታሚን ቢ12ን ይሠራሉ፤ ካላገኙ ከብቱ ይከሳል። የዚህን ቫይታሚን ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ1956 ገልጣ ያሳየችው እንግሊዛዊቱ ዶረቲ ሆጅኪን ስትሆን፣ በቅርጹ እምብርት ላይ የምትገኘውም አንዲት የኮባልት አቶም ናት።

ስለ አምቦ ውሃ ሌላም የሚነገር አለ። ውሃው ምላስን የሚቆነጥጠው በውስጡ ባለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ አረፋ ብቻ ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ግን፣ በጣዕም ሕዋሳት ላይ የሚገኝ ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ የተባለ ኢንዛይም ጋዙን ከውሃ ጋር አዋሕዶ አሲድ ያደርገዋል፤ ከምንሰማው ጣዕም ከፊሉ የሚመጣው ከዚያ አሲድ ነው። ይህ የኢንዛይም ወገን በውስጡ ዚንክ መያዙን ኬይሊንና ማን የተባሉት የካምብሪጅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1940 አስረድተዋል። ያው ወገን በቀይ የደም ሕዋሳታችን ውስጥ ሆኖ፣ የምናስወጣውን የተቃጠለ አየር በደም ለመጓጓዝ በሚመች መልክ ይለውጠዋል። ዚንኩ ከተወሰደበት ኢንዛይሙ ሥራ ያቆማል። እንግዲህ አምቦ ውሃ የሚጠጣ ሰው በውሃው ውስጥ አራት ብረት አስተኔዎች ይጠጣል፤ መጠጣቱንም የሚነግረው በምላሱ ላይ ያለ አምስተኛ ብረት አስተኔ ነው። ሁሉንም «ማዕድን» በሚል አንድ ቃል ጠቅልሎ ማለፍ ለአስተማሪ የቀረበ ጥሩ ምሳሌን ማባከን ነው።

4. የእህል ብረትና የአፈር ብረት

የጊንጪ ጥቁር አፈር ጤፍ የሚዘራበት ነው። «ጤፍ በብረት የበለጸገ ነው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በትምህርት መጽሐፍም፣ በራዲዮም፣ በምግብ ማሸጊያም ላይ እናገኘዋለን። ዐረፍተ ነገሩ ፈጽሞ ሐሰት ባይሆንም፣ ስያሜው ባለመለየቱ ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን አደባልቋል።

ጤፍ በዐውድማ ላይ በበሬ ኮቴ ሲበራይ ከአፈር ጋር ይገናኛል፤ ፍሬውም እጅግ ደቃቅ በመሆኑ አፈሩን ለመለየት ያስቸግራል። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የተደረጉ ጥናቶች፣ ከጤፍ ውስጥ ይለካ ከነበረው ብረት ብዙው ከአፈር የመጣ መሆኑን፣ ፍሬው በደንብ ሲታጠብ መጠኑ በእጅጉ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። የአፈሩ ብረት ከኦክሲጅን ጋር የተጣበቀ፣ ከዝገት የማይለይ ነገር በመሆኑ ሰውነት ከርሱ የሚጠቀመው ጥቂት ነው። በፍሬው ውስጥ ያለውንም ቢሆን ፋይቴት የተባለ ውሕድ ጨብጦ ይይዘዋል፤ ሊጡ በእርሾ ሲቦካ ፋይቴቱ ስለሚቀንስ ብረቱ ይለቀቃል። እናቶቻችን እንጀራን ሳይቸኩሉ ማቡካታቸው ከጣዕም ያለፈ ጥቅም ነበረው ማለት ነው።

በሚዛን ላይ የአፈሩም የእህሉም ብረት አንድ ነው፤ ለደም ግን አንድ አይደለም። ስለዚህ ስለ ምግብ የሚጽፉ ሁሉ «የእህል ብረት» እና «የአፈር ብረት» የሚሉትን ሁለት ስያሜዎች ለይተው እንዲጠቀሙ እናሳስባለን። ሁለቱም ተራ ቃላት ናቸው፤ ገበሬውም፣ ተማሪውም ያለ ማብራሪያ ይረዳቸዋል። ሙያዊ ቃል ሁሉ ከግዕዝ መመዘዝ ወይም ከባዕድ መዋስ አለበት የሚል ሕግ የለም።

5. በድስቱ ያለው በአፈሩ ሲገኝ

ከአምቦ ወደ ጉደርና ወደ ባኮ ስንዘልቅ ሌላ ችግር ይገጥመናል። በአካባቢው ብዙ ቀይ አፈር አሲዳማ ሆኗል። ሊቃውንቱ «አሲዳማ አፈር» ሲሉ፣ ሌሎች «ኮምጣጣ አፈር» ይላሉ። እኛ ሁለተኛውን እንመርጣለን፤ ገበሬው የእርሾን መኮምጠጥ ስለሚያውቅ፣ ቃሉ መጠኑ እየጨመረ የሚሄድ ጠባይ መሆኑን ይነግረዋል።

ሂስ የሚያስፈልገው «በአፈሩ ውስጥ አሉሚንየም በዝቷል» የሚለው አነጋገር ነው። አሉሚንየም በሸክላ አፈር ሁሉ ውስጥ በብዛት ያለ ነው፤ አዲስ አልመጣም፣ አልጨመረም። የሆነው ሌላ ነው። የአፈሩ መኮምጠጥ መለኪያ ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ፣ ተጣብቆ ይኖር የነበረው አሉሚንየም እየሟሟ የሥሩን ጫፍ ይጎዳል፤ ሥሩም አጥሮና ደንዝዞ ይቀራል። ኖራ ሲጨመር አሉሚንየሙ ከመሬቱ አይወጣም፤ መልሶ የማይሟሟ ይሆናል። ስለዚህ ትክክለኛው አገላለጽ «የሟሟ አሉሚንየም በዝቷል» ነው። የሦስት ፊደል ቃል ብትጨመር ገበሬው ኖራ ለምን እንደሚበትንና ለምን ከዓመታት በኋላ መድገም እንዳለበት ይገባዋል። ካልተጨመረች ግን አሉሚንየም ለርሱ በምድጃው ላይ የተጣደው ድስት ነው፤ ድስቱ እንዴት ማሳ እንደሚያበላሽ ማንም አላስረዳውም።

በዚያው ማሳ ላይ የባቄላ ሥር ነቅለን ብናይ ሌላውን ገጽታ እናገኛለን። በሥሩ ላይ ያሉት ትንንሽ እባጮች ሲሰነጠቁ ውስጣቸው ቀላ ብሎ ይታያል። ቅላቱ ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር የሚዛመድ፣ ብረት የያዘ ፕሮቲን ነው፤ ናይትሮጅንን ከአየር ለሚወስዱት ባክቴሪያዎች ኦክሲጅንን እየመጠነ ያቀርብላቸዋል። እባጩ ውስጡ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ከሆነ ሥራው ቆሟል። በአንድ ማሳ ውስጥ አንዱ ብረት አስተኔ ሥርን ሲያደነዝዝ ሌላው ሥርን ይመግባል። ይህን ልዩነት የማያሳይ ስያሜ ለግብርና ትምህርት አይበቃም።

6. ብረትን የያዙ ፕሮቲኖች ምን ይባሉ?

ወደ ዋናው ሙያዊ ጥያቄ እንምጣ። «ፕሮቲን»፣ «ኢንዛይም»ና «ሄሞግሎቢን» በውሰት ገብተው ተለምደዋል፤ ልንነካቸው አንሻም። በአንጻሩ «ብርሃን አስተጻምሮ» እና «ሐመልሚል» የተሳኩ የራስ ስያሜዎች ናቸው። በሐመልሚል እምብርት ማግኒዚየም፣ በሄሞግሎቢን እምብርት ብረት መኖሩን ጎን ለጎን ማስተማር የሚቻለውም ቃላቱ ግልጽ በመሆናቸው ነው። የጎደለው ብረት አስተኔ ለያዙት ፕሮቲኖች በጠቅላላ የሚሆን ስያሜ ነው። ሦስት አማራጮችን መዝነናል።

ሀ. «ብረታማ ፕሮቲን»። ይህ «-ማ» የተባለው ቅጥያ ብዛትንና ምልዓትን ያመለክታል፤ «ድንጋያማ»፣ «ሣርማ» እንደሚባለው። ሄሞግሎቢን ግን በብዙ ሺህ አቶሞች መካከል አራት የብረት አቶሞች ብቻ አሉት። በአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለው ብረት በጠቅላላ ከ3 እስከ 4 ግራም ነው፤ ተሰብስቦ ቢቀልጥ ለአንድ ምስማር የሚበቃ ነው። የጉዳዩ አስደናቂነት በማነሱ ላይ ሳለ ብዛትን የሚናገር ቅጥያ መምረጥ ስሕተት ነው።

ለ. «ባለ ብረት ፕሮቲን»። ቅርጹ ሰዋስዋዊ ነው፤ ነገር ግን «ባለ ብረት» በሕዝብ አነጋገር መሣሪያ የታጠቀ ሰው ነው። ተማሪዎችን ያስቃል፤ ያሳቀ ስያሜም ቶሎ አይጸናም።

ሐ. «ብረት አዘል ፕሮቲን»። «እርጥበት አዘል ነፋስ» እንደምንለው፣ መጠኑን ሳይናገር መያዙን ብቻ ይናገራል። ማዘል ተሸካሚና ተሸካሚ የሚያሻው አካል መኖራቸውን ስለሚያሳይ፣ ፕሮቲኑ ብረቱን አቅፎ መያዙን ይገልጻል። ለእያንዳንዱም ይስማማል፤ «ዚንክ አዘል»፣ «መዳብ አዘል»፣ «ኮባልት አዘል» ማለት ይቻላል። ለወገኑ በጠቅላላ «ብረት አስተኔ አዘል ፕሮቲን» ይሆናል። ይህ የመጨረሻው ረዘም ማለቱንና ለምላስ መክበዱን አንክድም፤ ሆኖም ርዝመት ከማሳሳት ይሻላል።

7. ክኒኑ ምን ይባል? ማጠቃለያ

አሁን ወደ ተነሣንበት ወረፋ እንመለስ። ብዙ የጤና ባለሙያዎች ችግሩን አይተው «አይረን» ወደሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ሸሽተዋል። ለተቅማጥ የሚሰጠው «ዚንክ» ያለ ጥርጣሬ የሚወሰደው ቃሉ ሸክም ስለሌለው መሆኑን ስናስብ፣ ሽሽቱ ምክንያት እንዳለው እንረዳለን። ቢሆንም አንደግፈውም። «አይረን» የምትል እናት ክኒኑ፣ የጤፍ እንጀራዋና የደሟ ቅላት በአንድ ነገር የተሳሰሩ መሆናቸውን የምታውቅበት መንገድ ይዘጋባታል። ቃሉ ፍርሃቷን ያስወግዳል፤ ዕውቀቷንም አብሮ ያስወግዳል።

በእውነቱ በክኒኑ ውስጥ ያለው ብረት ሳይሆን የብረት ጨው ነው፤ በአምቦ ውሃ ውስጥ እንዳሉት ሁሉ የሚሟሟ ነው። ስለዚህ ለትምህርት መጻሕፍት «የብረት ጨው» ትክክለኛ ስያሜ ነው። ለጤና ተቋም ግን ይህን ስያሜ ለመምከር እናመነታለን፤ «ጨው ቀንሺ» የተባለች ነፍሰ ጡር በሌላ ምክንያት ክኒኑን ልትጥለው ትችላለችና። ለዚያ ስፍራ «የደም ብረት» የሚለውን እንመርጣለን። ሁለት ቃላት ናቸው፤ ግን ብረቱ የት እንዳለ፣ ለምን እንደሚያስፈልግ፣ ከማረሻው ብረት በምን ሁኔታ እንደሚለይ ይናገራሉ።

በዚህ መሠረት የምናቀርባቸው ሐሳቦች የሚከተሉት ናቸው። «ብረት» ብቻውን ለአንዱ ንጥረ ነገር ይጠበቅ፤ ለወገኑ «ብረት አስተኔ» ይቀጥል፤ «ብረታ ብረት» ለዕቃና ለኢንዱስትሪ ሥራ ይተው፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ ርእስና መግቢያ የልማዱ ተገዦች መሆናችንን አንባቢ ይታዘበን። «ማዕድን» ስለ ውሃና ስለ ምግብ ሲነገር በውስጡ ያሉት ንጥረ ነገሮች በስማቸው ይጠሩ። ስለ ሕያዋን በሚጻፍበት ጊዜ ሁሉ የብረት አስተኔው ሁኔታ፣ የሟሟ፣ የተጣበቀ ወይም በፕሮቲን የታዘለ መሆኑ፣ ከስሙ ጋር አብሮ ይነገር። የኦሮምኛ አቻዎችም ከአማርኛው ሳይተረጎሙ፣ «ሆራ»ን በመሳሰሉ ከኑሮ በወጡ ቃላት ላይ ተመሥርተው በባለቋንቋዎቹ ይጠኑ፤ አማርኛም ከዚያ የሚማረው አለ።

ያቺ ሴት ክኒኑን ጨርሳው ይሆን፣ ጥላው ይሆን አናውቅም። ስያሜውን በጊዜ ብናርመው ግን ጥያቄዋ ከባለሙያው ፊት ይነሣ ነበር፤ በወረፋው ላይ በሹክሹክታ አይቀርም ነበር።